ገመናና ፍትሕ፤ የባለጸጎችን ግድያ ስለሚተርኩ ጽሑፎች

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ያለችውን አጭር መንገድ የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሟታል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ተሰብስበን ቡና የምንጠጣ፣ ከአገር ከወጣን ረጅም ዘመን የሆነን ጥቂት ሰዎች አለን። በ2024 መጸው ኔትፍሊክስ የሜኔንዴዝ ወንድማማቾችን ታሪክ በተከታታይ ድራማ አቅርቦ ስለነበር የገበታችን ጨዋታ ሁሉ እርሱ ሆኖ ሰነበተ። ላይልና ኤሪክ ሜኔንዴዝ በቤቨርሊ ሂልስ መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ አባታቸውንና እናታቸውን በጥይት ከገደሉ በዚያን ጊዜ 35 ዓመት አልፎ ነበር፤ ወሬው ግን ትናንት የሆነ ያህል ትኩስ ነበር። የቤቱን ክፍሎች የምናውቅ፣ ከግድያው በኋላ የተገዛውን ሰዓትና መኪና የምንቆጥር፣ ስለ ጠበቆቹ የምንከራከር ሆንን። ከሁላችን በዕድሜ የምትበልጠው እትዬ ወደ እኔ ዞራ፣ «ዶክተር፣ አንተ ምን ትላለህ? አባትየው በድሏቸው ነበር የሚሉት እውነት ይመስልሃል?» አለችኝ። እኔም የማውቀውንም የማላውቀውንም ቀላቅዬ ተናገርሁ።

በዚህ መካከል አንድ ወዳጃችን ከዓመታት በፊት በዚሁ ከተማ በገዛ ቤቷ ውስጥ የተገደለች የአገራችንን ልጅ ስም አነሣ። ገበታው ጸጥ አለ። አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎ የስኳሩን ዕቃ ወደ ሌላው ገፋ አደረገው። ሌላው ስለ መኪና ማቆሚያ መቸገሩን ጀመረ። እኔም አጎንብሼ ቡናዬን ጠጣሁ። ከዚያ ገበታ ላይ የእኔን ያህል ዝም ለማለት ምክንያት የነበረው ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እናገራለሁ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ጥያቄ አብሮኝ ገባ። ፊቱን አይተነው ስለማናውቀው ባለጸጋ ሞት ሰዓት ሙሉ የሚናገር አንደበት፣ አብራን በአንድ ትሪ ስለበላች ልጅ ሞት የሚታሰረው ስለ ምንድን ነው? መልሱን ፍለጋ በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ስሙ ከሁሉ የገነነውን ሰው፣ ዶሚኒክ ደንን፣ ከመደርደሪያዬ አውርጄ እንደገና አነበብሁ። ይህ ድርሰት የዚያ ንባብ ፍሬ ነው።

አስቀድሜ የእኔንና የዚህን ጽሑፍ ዝምድና ልናዘዝ። በኪየቭ የሕክምና ትምህርቴን ጨርሼ ሎስ አንጀለስ የገባሁት በ1995 መጀመሪያ፣ የኦ. ጄ. ሲምፕሰን ችሎት በተከፈተበት ሰሞን ነው። ቀን ቀን ለሐኪምነት ፈቃድ ፈተና እያጠናሁ፣ ሌሊት በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሣጥን በምታክል ቤት ውስጥ ተቀምጬ ገንዘብ እቀበል ነበር። በሣጥኗ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች፤ የዕለቱ ችሎት እንደገና ሲታይ እመለከት ነበር። ሰኔ 12 ቀን 1994 በብሬንትውድ ሰፈር ኒኮል ብራውን ሲምፕሰንና ሮናልድ ጎልድማን በስለት ተገድለው ነበር፤ ጥቅምት 3 ቀን 1995 ተከሳሹ በነጻ ተለቀቀ። እኔ በእነዚያ ወራት እንግሊዝኛዬን ያሻሻልሁት ከዚያ ችሎት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ተቃውሞ፣ መስቀለኛ ጥያቄ፣ የደም ናሙና የሚሉትን ቃላት ከጠበቆቹ አፍ ተማርሁ። ዳኛው ላንስ ኢቶ ቋሚ መቀመጫ ከሰጣቸው ጥቂት ጸሐፊዎች አንዱ፣ ከጎልድማን ቤተሰብ አጠገብ የሚቀመጥ መነጽራም ሽማግሌ ነበር። ስሙን የሰማሁት በዚያን ጊዜ ነው። ሀብታም ሰፈሮችን ሌሊት ሌሊት በቴሌቪዥን የሚጎበኝ ስደተኛ፣ ያን ሽማግሌ እንደ አስጎብኚው ቈጠረው።

ደን እ.ኤ.አ. በ1925 በኮኔቲከት ግዛት የተወለደ፣ የታወቀ የልብ ቀዶ ሐኪም ልጅ ነው። በሆሊውድ የፊልምና የቴሌቪዥን አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል፤ ግብዣ አብልቷል፣ ግብዣ በልቷል። በመጠጥና በዕፅ ምክንያት ሁሉን ካጣ በኋላ በኦሪገን ተራሮች ባለች ጎጆ ብቻውን ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። ጸሐፊ ያደረገው ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ዶሚኒክ ትባል ነበር። የአባትና የልጅ ስም በድምፅ አንድ ስለሚሆን፣ እዚህ ላይ አባትየውን ደን፣ ልጅቱን ዶሚኒክ እላለሁ። ዶሚኒክ ተዋናይት ነበረች፤ ዕድሜዋም 22። ጥቅምት 30 ቀን 1982 ተለይታው የነበረ የቀድሞ ወዳጇ፣ በአንድ ዝነኛ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ የነበረ ሰው፣ በዌስት ሆሊውድ ቤቷ ደጃፍ አነቃት። ከእኛው ፌርፋክስ ብዙም በማይርቀው ሴዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል በመሣሪያ እየተነፈሰች ቆይታ ኅዳር 4 ቀን ዐረፈች።

በ1983 ችሎቱ ተጀመረ። የ«ቫኒቲ ፌር» መጽሔት አዘጋጅ ቲና ብራውን ደንን በየቀኑ የሚያየውን እንዲመዘግብ መክራው ነበርና መዘገበ። መጋቢት 1984 «ፍትሕ» በሚል ርእስ የወጣው ጽሑፍ የዚያ መዝገብ ውጤት ነው። እኔ ከዚህ ሰው ጽሑፎች ሁሉ ለመጪው ዘመን የሚተርፈው እርሱ ይመስለኛል። ስለ ምን እንደ ሆነ ልናገር።

ገመና የሚለው ቃላችን ከነውርም ከምስጢርም ሰፋ ይላል። ቤት የሚሸፍነው፣ በተገለጠ ጊዜ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ቤተ ዘመዱን ሁሉ አንገት የሚያስደፋ ነገር ነው። ገመና ሸፋኝ ሰው በእኛ ዘንድ የተመሰገነ ነው፤ ገመና አውጪ ደግሞ የተጠላ። የአሜሪካ ባለጸጋም፣ እኛ እንደምናስበው ሳይሆን፣ ከእኛ ባልተናነሰ ገመናውን ይሸፍናል፤ እንዲያውም ከእኛ የሚለየው መሸፈኛው ከፍ ያለ አጥርና ውድ ጠበቃ በመሆኑ ነው። ደን ያን ዓለም ከውስጥ ያውቀው ነበር። በዚያ ዓለም ሥርዐት መሠረት ልጁ የተገደለችበት አባት ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ በጠበቃው አፍ አጭር መግለጫ ሰጥቶ፣ ወደ ቤቱ መግባት ነበረበት። እርሱ ግን የገዛ ቤቱን ገመና አውጥቶ በአደባባይ አሰጣው። የተፈታችው ሚስቱ በጽኑ ሕመም ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር ችሎት እንደምትገባ፣ የገዛ ራሱ ሕይወት እንዴት ተሰባብሮ እንደ ነበር፣ ልጁ ከዚያ ቀን በፊትም በዚያው ሰው እጅ መመታቷን ሁሉም ጻፈው።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚከብደው አንድ ነገር ነው። ቤተሰቡ በችሎት ውስጥ እንዳያለቅስ ተከልክሎ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ እንባ ቢያወጣ፣ ቢቃትት ወይም ዓይኑን ቢያጉረጠርጥ ከአዳራሹ እንደሚወጣ ተነግሯቸው ነበር። ተከሳሹ በበኩሉ ጥቁር ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ይገባ ነበር። ማልቀስ የተከለከለበት ለቅሶ ምን ይመስላል? እኛ ደረት እየደቃን፣ ሙሾ እያወረድን ያደግን ሰዎች ይህን አንብበን ጽሑፉ የማን ድምፅ እንደ ሆነ ለማወቅ አንቸገርም። ያ ጽሑፍ በችሎት የታፈነው ልቅሶ ነው፤ በወረቀት ላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ ጥቂት ልበል። የሕዝብ ዳኞቹ፣ ጁሪ የሚባሉት፣ ሰውየውን ጥፋተኛ ያሉት በንዴት ግፊት በተፈጸመ ግድያ እንጂ ከዚያ በከበደው ወንጀል አልነበረም። ከዚህ በፊት የነበረች ወዳጁ በእርሱ ተደብድባ ሆስፒታል መግባቷን የሚያስረዳው ምስክርነቷ ወደ ዳኞቹ ጆሮ እንዳይደርስ ተደረገ። ቅጣቱ ስድስት ዓመት ተኩል ሆነ፤ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ተፈታ። ንዴት ምንድን ነው? ሐኪም ስለ ንዴት የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ስለ አንገት ግን ያውቃል። አንገት ሲታነቅ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቋረጣል፤ ሰው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ሞት ግን ከዚያ በኋላ ደቂቃዎችን ይፈልጋል። ራሷን የሳተች ሴት አትከራከርም፣ አትሳደብም፣ አታስቈጣም። ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ሁሉ በዚያ ቦታ ያለው ፈቃድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የእጁ ባለቤት ፈቃድ። ደን ሐኪም ሳይሆን ይህን ተረድቶታል። አንባቢውንም በእነዚያ ደቂቃዎች ፊት ያቆመዋል። ሕግ በአንዲት ቃል ያለፈውን ጊዜ መልሶ ማስረዘም የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ትልቁ ተግባር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ዶሚኒክ ከመሞቷ ጥቂት ሳምንታት በፊት በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የተደበደበች ወጣት ሆና ተውና ነበር። ፊቷ ላይ ከታየው ሰንበር ውስጥ ያ ሰው በእውነት ያደረሰባት ነበረበት። ድራማው የታየው ከሞተች በኋላ ነው። ሕዝብ ሁሉ በመስኮቱ አየው፤ ቅብ መስሎት። ይህን ሳስብ በምርመራ ክፍሌ «በር መታኝ» ያሉኝ፣ እኔም «በር መታት» ብዬ የጻፍሁላቸው ሴቶች ትዝ ይሉኛል።

ይህን ሁሉ ያመሰገንሁት ደን ለቀስተኛው ደን ነው። ሌላም ደን አለ፤ እርሱም የግብዣ እንግዳው ደን ነው። «ፍትሕ» ከወጣ በኋላ መጽሔቱ የባለጸጎችን ችሎት ሁሉ እንዲከታተል አሰማራው። የክላውስ ፎን ቡሎውን፣ የሜኔንዴዝ ወንድማማቾችን፣ የሲምፕሰንን ጉዳይ ጻፈ፤ ልብ ወለዶችም ጨመረ፤ እስከ ሞተበት እስከ 2009 ድረስ በስሙ የሚታወቅ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነበረው። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ እራት ላይ የሰማው ሹክሹክታ ከምስክር ቃል እኩል ይቀመጣል። ማን ከማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ፣ የማን መጋረጃ ምን ዓይነት ሐር እንደ ሆነ በጥንቃቄ ይነገራል። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ግን ምንጣፍ አይቈጥርም። ወሬም ዋጋ አስከፈለው፤ ስለ አንዲት ወጣት መጥፋት በራዲዮ የደገመው አሉባልታ የቀድሞውን የምክር ቤት አባል ጋሪ ኮንዲትን ለክስ አነሣሥቶ፣ በ2005 በካሣና በይቅርታ ተዘጋ።

ከወሬው ይልቅ የሚያሳስበኝ እርግጠኝነቱ ነው። በ1975 በኮኔቲከት ግዛት በግሪንዊች ከተማ ማርታ ሞክስሊ የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ተገደለች። ቀኑ ጥቅምት 30 ነበር፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ዶሚኒክ የታነቀችበት ቀን። ደን በ1993 ያን ግድያ መሠረት ያደረገ ልብ ወለድ ጻፈ፤ የተረሳውም መዝገብ እንዲከፈት ብዙ ደከመ። በ2002 የኬነዲ ቤተሰብ ዘመድ የሆነው ማይክል ስካክል ተፈረደበት። ደን ይህን እንደ ድል ቈጥሮ ሞተ። ከሞተ በኋላ ግን ፍርዱ ተሻረ፣ ጸና፣ እንደገና ተሻረ፤ በመጨረሻም ጥቅምት 30 ቀን 2020 ዐቃቤ ሕግ እንደገና እንደማይከስ አስታወቀ። እውነቱ የትኛው እንደ ሆነ ለመፍረድ አልቃጣም። የምለው፣ ልጁን የቀበረ አባት በሌላው ሰው ልጅ መቃብር ላይ ቆሞ የራሱን ገዳይ ይፈልግ እንደ ነበር ነው።

የሜኔንዴዝ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ወንድማማቾቹ አባታችን ከልጅነታችን ጀምሮ ይደፍረን ነበር ሲሉ ደን አላመናቸውም፤ አለማመኑንም ደጋግሞ ጻፈ። የዶሚኒክ ገዳይ ጠበቃ ሟቿን ሲያማ በጆሮው ሰምቷልና፣ ከዚያ በኋላ ሟችን የሚያማ ሁሉ ሐሰተኛ መሰለው። በእኛም ዘንድ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይባላል። ነገር ግን ሙት የማይወቀስ ከሆነ በሕይወት ያለ የተበደለ ሰው ለማን ይናገር? በመጀመሪያው ችሎት፣ በ1994፣ ሁለቱም የዳኞች ጉባኤዎች መስማማት አቃታቸው። በ1996 ወንድማማቾቹ ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ግንቦት 2025 አንድ ዳኛ ቅጣቱን ከ50 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ በማድረግ አመክሮ እንዲጠይቁ ፈቀደላቸው፤ ነሐሴ ላይ የአመክሮ ቦርዱ ሁለቱንም አልተቀበለም። የዛሬው ተመልካች ደን ያላመነውን ያምናል፤ ደን ያመነውን አያምንም። ሁለቱም ግን የሚያዩት ያንኑ ቤት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ብዕርና ካሜራ ወደዚያ ቤት የሚያመራው የሰው ነፍስ ክቡር ስለ ሆነች ነውን? ይህች ከተማ መልሱን ሰጥታለች። ከ1985 ጀምሮ በደቡብ ሎስ አንጀለስ አብዛኞቹ ድሆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች አንድ በአንድ ተገድለው በየቈሻሻው ሥፍራ ይጣሉ ነበር። ገዳዩ አንድ ሰው መሆኑን የሰፈሩ ሕዝብ ከጋዜጣ የሰማው በ2008 ነው። ሎኒ ፍራንክሊን በ2010 ተያዘ፤ በ2016 በአሥር ግድያዎች ጥፋተኛ ተባለ። ሲምፕሰን በፍርድ ቤት በቆመበት ዓመት ይህ ሰው ከዚያው ፍርድ ቤት በመኪና ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ሰፈር በሰላም ይኖር ነበር። ከጋዜጠኞች መካከል ይህን ያዩና የተጸጸቱ አሉ። ጂል ሌቪ በ2007 በ«ሎስ አንጀለስ ታይምስ» የግድያ መዝገብ ብላ በጀመረችው ዓምድ በካውንቲው የተገደለ ሰው ሁሉ፣ ባለጸጋም ይሁን ቤት የለሽ፣ በስሙና በዕድሜው እንዲመዘገብ አደረገች። እኔ ይህን ከደን ጽሑፍ ጎን አስቀምጠዋለሁ። ደን ለአንዲት ነፍስ ሙሉ ልቅሶ ሰጣት፤ ሌቪ ለሁሉም ቢያንስ ስማቸውን ሰጠች።

ወደ ራሳችን ሙታን ስንመጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ከተገደሉት ወገኖቻችን ስሙ ከሁሉ በላይ የተጠራው ሙሉጌታ ሥራው ነው። ኅዳር 13 ቀን 1988 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ፣ የ28 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ጸጉራቸውን የተላጩ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። በ1990 ቤተሰቡ ባቀረበው የፍትሐ ብሔር ክስ፣ ገዳዮቹን በማነሣሣት የተከሰሰው የካሊፎርኒያው ቶም ሜትዝገርና ተባባሪዎቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተፈረደ። በ2003 ኤሊኖር ላንገር ስለ ጉዳዩ ትልቅ መጽሐፍ አወጣች። የደከመችበት፣ ጠቃሚ መጽሐፍ ነው። ርእሱ ግን «አንድ መቶ ትንንሽ ሂትለሮች» ይላል፤ በንዑስ ርእሱም ሙሉጌታ «አንድ ጥቁር ሰው» ነው። ስሙ ሽፋኑ ላይ የለም። ደራሲቷን አልወቅስም፤ እርሷ ልትመረምር የተነሣችው የገዳዮቹን ወገን ነው። ወቀሳዬ ወደ እኛ ነው። ሙሉጌታ በልጅነቱ ምን እንደሚያስቀው፣ በደብዳቤው ለእናት ለአባቱ ምን ይጽፍ እንደ ነበር በአማርኛ የሚነግረኝ መጽሐፍ በመደርደሪያዬ ላይ የለም። በ2018 የፖርትላንድ ከተማ በተገደለበት መንገድ ላይ ስሙን በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጽፋ ሰቅላለች። በአማርኛ ለመጻፍ ከተማይቱ ቀደመችን።

ለምን ዝም እንላለን? አንዱ ምክንያት ከአገራችን ታሪክ የመጣ ይመስለኛል። የእኔ ትውልድ ስለ ትልልቅ ሰዎች ግድያ መጀመሪያ የሰማው ከራዲዮ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስልሳ የሚያህሉ ሹማምንትና መኳንንት ተገደሉ፤ በማግሥቱ ስማቸው በራዲዮ ተነበበ። ልጅ ነበርሁ፤ እናቴ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ስታዳምጥ አስታውሳለሁ። በቀጣዩ ነሐሴ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም እንደ ሞቱ ተነገረን። ከዓመታት በኋላ በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በቀረበው ክስ ውስጥ ሞታቸው በግድያ ተቈጥሮ ተጻፈ። እንግዲህ በእኛ አገር የባለጸጎችን ግድያ መጀመሪያ የጻፈው ገዳዩ ራሱ ነው፤ የሞቱንም ምክንያት እርሱ መረጠ። እኛም መግለጫ መስማትና መንሾካሾክ ለመድን። ሐኪም ከሆንሁ በኋላ ያች የነሐሴዋ ዜና ደጋግማ ትመጣብኛለች። በሞት ምስክር ወረቀት ላይ የሐሰት ምክንያት መጻፍ በእኛ ሙያ ከሁሉ የሚከፋ ኃጢአት ነውና።

አሁን ስለ ዝምታዬ ልናገር። ያቺ በገበታችን ላይ ስሟ የተነሣው ልጅ ታካሚዬ አልነበረችም፤ ወዳጄ ነበረች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እየሠራች ቀን ትማር ነበር። የፈታችው ባሏ ገደላት። የቀብሯ ዕለት የሕይወት ታሪኳን ጽፌ እንዳነብ ታዘዝሁ። ሽማግሌዎች መጥተው፣ «ዶክተር፣ የሁለቱም ቤተ ዘመድ በአዳራሹ ይኖራል፤ ልጆቹም አሉ፤ ገመና ነውና ሸፈን አድርገው» አሉኝ። እኔም የተወለደችበትን፣ የተማረችበትን፣ ሰው ወዳድነቷን ከዘረዘርሁ በኋላ «በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች» ብዬ አነበብሁ። አስከሬኗ ወደ ጎንደር ከተላከ በኋላ እናቷ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አንተ ሐኪም ነህ፤ ልቧን ያማት ነበር እንዴ?» አሉኝ። «አዎን እማማ፣ ልቧን ነው» አልኋቸው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ በሣጥን ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የባለጸጎችን የደም ናሙና ያጠና ሰው፣ የወዳጁን ሞት በአንዲት ቃል የሸፈነ ሰው አንድ ነው። የሩቁን ቤት ገመና የምንወደው የቅርቡን ለመሸፈን ስለሚረዳን ይመስለኛል። ስለ ግድያ የመናገር ፍላጎታችን ሁሉ እዚያ ይወጣል፤ ወደ ቤታችን ስንመለስ ምንም አይቀረንም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ለታካሚዎቼ ስነግር ኖሬያለሁ። ለራሴ ግን አልነገርሁትም።

ከደን የምንወስደውና የምንተወው እዚህ ላይ ይለያል። የሰው ቤት ገመና ለሰው መሸጥን እንተውለት። ሟቿ ራሷ መናገር ባትችል፣ የገዛ ቤቱን ገመና ስለ እርሷ ሲል የገለጠውን አባት ግን እንውሰድ። የእኛ ሥርዐት ይህን አይችልም የሚል ካለ፣ በ2014 አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ያስታውስ። ሐና ላላንጎ የምትባል የ16 ዓመት ተማሪ ታፍናና ተደፍራ በሞተች ጊዜ ቤተሰቧ ስሟንና የደረሰባትን ግፍ በአደባባይ ተናገሩ። የሸፈኑት ነገር ቢኖር ገዳዮቿን ብቻ ይጠቅም ነበር። ስሟ የብዙ ሰው የፍትሕ ጥያቄ ሆነ፤ ደፋሪዎቿም ተፈረደባቸው። እኒያ ወላጆች ደንን አላነበቡም፤ ያደረጉት ግን እርሱ ያደረገውን ነው።

ይህን ድርሰት ጽፌ ለአሳታሚው ከመስጠቴ በፊት ጎንደር ደወልሁ። እማማ አሁን ጆሯቸው ደክሟል፤ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ያዘችላቸው። በዚያን ጊዜ እንደ ዋሸኋቸው ነገርኋቸው፤ ከዚያም ልጃቸውን የገደላት ምን እንደ ሆነና ማን እንደ ሆነ ሐኪም ለቤተሰብ እንደሚናገረው በግልጽ ተናገርሁ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የተቈረጠ መስሎኝ ነበር። «ዐውቄ ነበር ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፤ «አንገቷን አይቻለሁ። የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት»። ከዚያም ልጃቸው እዚህ አገር ስትኖር ምን ትበላ፣ ምን ትለብስ፣ ከማን ጋር ትስቅ እንደ ነበር ይጠይቁኝ ጀመር። የምመልሰው ብዙ ነበር። እስኪመሽባቸው ድረስ ተነጋገርን።